ባለ ሱፉ የጎማ ቦት ጫማዬ

መልካ ወረር ጥጥ እርሻ የውሃ ፓምፕ ሠራተኛ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት አደን ልውጣ ብዬ ተነሣሁ። ያነሣሡኝ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እላቸው ነበር። እሑድ እሑድ ባለሁለት አፍ ጠመንጃቸውን ይዘው ወንዝ ዳር ጅግራ ያድናሉ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ ስለ ገደሉት ያወራሉ።

ወሩ ጥር ነበር። በዚያ አገር ሰው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ሳይጣበቅበት የሚውልበት ጊዜ እሱ ብቻ ነው።

«ወንዙ ዳር ጭቃ ነው፤ የጎማ ቦት ጫማ ያስፈልግሃል» አሉኝ ጋሼ። ቅዳሜ ከሰዓት አዋሽ ከተማ፣ ከወሎ የመጡ አንድ ሐጂ ሱቅ ገባን። ሐጂ ሁለት ዓይነት አወጡ። አንዱ ስስ፣ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ሌላው ጉልበት ድረስ የሚደርስ፣ ውስጡ ወፍራም ሱፍ የለበሰ።

«ስሱን ውሰድ ልጄ» አሉ ሐጂ። «ባለ ሱፉ የብርድ አገር ሰው የሚያደርገው ነው። ወላሂ፣ እኔ ሱቅ እንዴት እንደገባም አላውቅ።»

ነጋዴ ዕቃዬን አትግዛ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ስለነበር ጠረጠርኩ። ለሌላ ሰው ሊያስቀሩት ነው ብዬ አሰብኩ።

«እባብስ?» ስል ጠየቅኩ።

«እባብ አለ» አሉ ጋሼ። «እኔ ያየሁት እንኳ...» ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። በቃ፣ ባለ ሱፉ ሆነ። የሞከርኩት ልኬ ነበር፤ ጋሼ ግን ካልሲ ይደረብበታል ብለው አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን አስያዙኝ። ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስንጎራደድ ሐጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ «አላህ ያቅልልህ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወንዝ ዳር ግመል የሚያሰማራ አንድ የጋሼ ወዳጅ፣ አፋር ጎልማሳ፣ መንገድ ሊያሳየን ተቀላቀለን። እሱ ያደረገው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነው። ቦቴን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ ከፊት ሆኖ መራን።

ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ እግሬ ይቀቀል ጀመር። ላቡ ሱፉን አራሰውና በየእርምጃዬ «ጯ! ጯ!» ማለት ጀመረ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ባነጣጠሩ ቁጥር ከኋላቸው ጯ እላለሁ፤ ጅግሮቹም እየተንጫጩ ይበራሉ። ሦስተኛው መንጋ ሲነሣ ጋሼ ዞር አሉ።

«አንተ፣ ድምፅህን አጥፋ!»

«እኔ እኮ አይደለሁም ጋሼ፤ ጫማው ነው።»

«እንግዲያው እሱን ዝም አሰኘው!»

ትንሽ እንደሄድን ከመስኖ ቦይ የፈሰሰ ውሃ የሠራው ማጥ ገጠመን። ሁለቱ ዳር ዳሩን ዘለል ዘለል እያሉ አለፉ። እኔ ቦቴን ተማምኜ መሐሉን ገባሁበት። ቀኝ እግሬን ሳነሣ እግሬ መጣ፤ ቦቱ ቀረ። በአንድ እግሬ ቆሜ፣ እርጥብ ካልሲ አንጠልጥዬ፣ በየት በኩል ብወድቅ ይሻላል እያልኩ ሳሰላስል ሰባት ስምንት ጅግሮች ብቅ አሉ። ጉቶ መስያቸው ነው መሰለኝ፣ መሬቱን እየጫሩ አጠገቤ ደረሱ።

«ጋሼ! ይተኩሱ!» አልኩ በሹክሹክታ።

ጋሼ በሣቅ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የጠመንጃው አፍ አንዴ ወደ ሰማይ፣ አንዴ ወደ ጅግሮቹ፣ አንዴ ወደ እኔ ይዞራል።

«አይተኩሱ!» ብዬ ጮህኩ። ጅግሮቹ በረሩ፤ እኔ ወደቅኩ።

አፋሩ ጎትቶ አወጣኝ፤ የቀረውን ቦትም በዱላው አወጣው። የግራውን ከእግሬ ለማላቀቅ ሁለቱም መተጋገዝ ነበረባቸው። እግሬ ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣት መስሎ፣ ነጥቶና ተጨማዶ ወጣ። አፋሩ እጁን ቦቱ ውስጥ ከትቶ ሱፉን ዳሰሰው።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለብርድ።»

«ብርዱ የታለ?»

ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልጎ ነው። «ከፈለግህ ውሰደው» አልኩት። ሱፉን ወገቡ ላይ በታጠቀው ጊሌ ልጦ አወጣ፤ ወንዝ ዳር ካሰማራቸው ግመሎች ባለ ኮርቻውን አምጥቶ ከኮርቻው ላይ አነጠፈው፤ ከዚያ እኔን ከላዩ አስቀመጠኝ። ባዶ እግሬን እያወዛወዝኩ እስከ መኪናው መንገድ ሄድኩ። እውነት ለመናገር፣ ለመቀመጫ እንዲህ የሚመች ነገር አላየሁም።

ከዚያ ጥጥ የጫነ መኪና ቤቴ አደረሰኝ። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥሎ እጄን አየች።

«ጅግራው የታለ?»

«አይቼዋለሁ» አልኳት። «በጣም ቀርቦኝ ነበር።»

ገበታ አቀረበች። ሽሮው ከጠዋት ጀምሮ ተሠርቶ ኖሯል።