የተዋጠችው «ች»

ባለፈው ቅዳሜ ምስር እየለቀምኩ፣ ልጄ ሰርኬ በሩ ጥግ ቁጭ ብላ መጽሐፍ ታነብ ነበር። ድምፅ አውጥታ ነው የምታነበው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት፤ የሚሰማት ሰው ባይኖር እንኳ ለግድግዳው ታነባለች። ሰሞኑን ተኳርፈናል። ለጦር አካዳሚ ተመዝግባ፣ ተፈትና፣ አልፋ፣ ሰኞ እሄዳለሁ ብላኛለች። የት ነው የሚወስዷችሁ ስላት «እሱን ስንደርስ ነው የሚነግሩን» ትለኛለች። የት እንዳለ የማይነገር ትምህርት ቤት! እኔ እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ አድራለሁ፣ እሷ መጽሐፍ ታነባለች።

ላለመስማት እየሞከርኩ ሳለ አንድ ነገር ጆሮዬ ጥልቅ አለ።

«ደስታ ጠመንጃዋን አነሳች።»

እጄ ምስሩ ላይ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ምን አልኩ?»

«ድገሚው እስቲ።»

«ደስታ ጠመንጃዋን አነሳች። ምነው እማዬ?»

«የመጽሐፉ ስም ማነው?»

«‹የጭጋጉ ግቢ›። ድሮ በአራት ክፍል የወጣ ነው አሉ፣ አሁን ባንድ ጠርዘውታል። ከመናኸሪያው አጠገብ ነው የተከራየሁት።»

ባለቤቴ ቄስ ይሄይስ መደቡ ላይ ጋደም ብለው ነበር። ቀስ ብለው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሲስቡ አየኋቸው።

እኔ ያደግኩት ሉማሜ፣ አክስቴ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከትምህርት አስቀሩኝ። ፊደሉን ለይቼ ቃል እስከ መግጠም ደርሼ ነበር፤ ግን አንዱን ቃል ስይዝ ፊተኛው ያመልጠኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ማርቆስ የሚያልፉት አውቶቡሶች እኛ በር ላይ ይቆሙ ነበር። ክረምት ሲሆን ጭቃው የተሳፋሪውን ጫማ ይውጣል፤ ሰው እየተንገዳገደ ይገባና ሻይ በፓስቲ፣ የራበው ደግሞ ቅቅል ድንች በአዋዜ ይላል። አንድ ቀን አንዱ ተሳፋሪ ወንበሩ ላይ መጽሐፍ ረስቶ ሄደ። ክፍል አንድ። ሽፋኑ ላይ ትልቅ የብረት በር አለ፣ ጭጋግ አለ፣ በጭጋጉ ውስጥ የወታደር ቆብ ያደረገ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጀርባውን መስጠቱ ነው ጉዱ፤ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም።

ማን ያንብብልኝ? ይሄይስ ያኔ ዲያቆን ነበር፤ ከመንደራችን ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅኔ የሚማር፣ ድምፁ ያማረ ልጅ። የፍቅር መጽሐፍ ሲያነብ የኔታ ቢይዙት ያባርሩታል። ስለዚህ ደበሎው ሥር ደብቆት ይመጣና ከጓሯችን ጉቶ ላይ ይቀመጣል። እኔ የፓስቲ ሊጥ እያሸሁ እሰማለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነበር። ደስታ የሚባል ወጣት፣ ማንም የት እንዳለ የማያውቀው የጦር ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያ የገባ ሰው ለቤተሰቡ አይጽፍም፣ ያየውን አይናገርም። ብርሃን የምትባል ወዳጁ መንደር ቀርታ ትጠብቀዋለች፤ አንዳንዴም በጭጋጉ ተከልላ አጥሩ ድረስ ትመጣለች። ደስታም ብርሃንም ለወንድም ለሴትም የሚወጡ ስሞች ናቸው፤ እሱን ልብ ያልኩት አሁን ነው። የሻይ ቤቱ ሰው ደግሞ ጭጋግ የሚለውን ሰምቶ ግቢው ጮቄ ተራራ ላይ ነው አለ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እንዲያውም በሩን በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ምሎ፣ ሻዩን በነፃ ጠጥቶ ሄደ።

ይሄይስ የሚያናድደኝ ወሬው ሲጥም ነበር።

«ብርሃን አጥሩ ዘንድ ደረሰች። ደስታም ቀረብ ብሎ... ቀረብ ብሎ...» ይልና ዝም።

«እህ?»

«ሰላምታ ተለዋወጡ።»

«ከዚያስ?»

ገጹን ይገልጣል። ሌላም ይገልጣል። «አሁንም ሰላምታ ላይ ናቸው።»

«ሁለት ገጽ ሙሉ? የጳጳስ አቀባበል ነው እንዴ?»

ጆሮው ይቀላል። «ተይ እንጂ ውቤ፣ እኔ ዲያቆን ነኝ።»

«ዲያቆንማ ነህ፤ ፓስቲዬን ስትሰለቅጥ ግን ማን እንደሆንክ እንጃ።»

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል የአውቶቡስ ረዳት ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። አራተኛው ግን ቀረ። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር እጄን በሽርጤ እየጠረግኩ እሮጣለሁ። ረዳቱ ከሩቁ ራሱን ይነቀንቃል። «ደራሲውም ቢሆን እኮ ምሳ ይበላል፣ ታገሺው» ይለኛል። አንጀቴ ያርር ነበር።

የማርረው ለመጽሐፉ ብቻ አልነበረም። ጓደኛዬ ይታይሽ በዚያው ሰሞን «ማርቆስ ለውትድርና ሴትም እየመዘገቡ ነው፣ እንሂድ» ብላኛለች። እኔ ደግሞ ከዚያ ጓሮ፣ ከዚያ ዘይት ሽታ ወጥቼ የት በሄድኩ የምልበት ዕድሜ ነው፤ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ለይሄይስ ይሄንኑ ስነግረው ነው የከረምኩት። ይሄይስን «እዚያ ግቢ ሴት ትገባለች?» ብዬ ጠየቅኩት።

መጽሐፉን ዘጋው። «ሴትማ የለችም። ሴቷ ብርሃን ናት፣ እሷም መንደር ናት።»

ያም ሆኖ ልቤ አልተኛም። በመጨረሻው ክፍል ደስታ ከዚያ በር ተመልሶ ከወጣ እሄዳለሁ፤ ካልወጣ እቀራለሁ ብዬ ቆረጥኩ። የልጅ ነገር፣ ለይሄይስም ነገርኩት።

አራተኛው ክፍል የደረሰው እሱ ለአባቱ ተዝካር ደምበጫ በሄደበት ሳምንት ነው። ይታይሽ ጓዟን በነጠላ ቋጥራ በር ላይ ቆማለች። እሷ ጭራሽ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ መጽሐፉን መሀሉ ላይ ገለጥኩና በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ። ደ-ስ-ታ። ጠ-መ-ን-ጃ-ዋ-ን። አ-ነ-ሳ-ች።

«ጠመንጃዋን? ጠመንጃውን ነው መሆን ያለበት» አልኩ። እንደገና ሞከርኩ። አሁንም «ዋ»፣ አሁንም «ች»። ወደ ታች ወረድኩ፤ ተኮሰች፣ ሮጠች፣ ሳቀች ይላል። ማንበብ ጠፍቶብኛል አልኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በዚያ ባማረ ድምፅ የሰማሁት ደስታ ወንድ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ያልጨረስኩት ነኝ ወይስ ቅኔ የሚቀኘው ዲያቆን የተሳሳተው? ፊደሏን ረስቻታለሁ ብዬ ራሴን ሰደብኩ።

«ነይ እንጂ፣ መኪናው ሊሄድ ነው!» አለች ይታይሽ።

«ይሄይስ ይምጣና ያንብብልኝ። ከዚያ እከተልሻለሁ።»

«አንቺ ደግሞ! ለመሄድም አንባቢ ያስፈልጋል?» ብላ ስቃብኝ ወጣች።

ይሄይስ ሲመጣ ጉቶው ላይ ተቀመጠና አነበበልኝ። ደስታ አልተመለሰም። ብርሃን ጠብቃ ጠብቃ በመጨረሻ አንድ ደግ ዲያቆን አገባች።

«ዲያቆኑ ደግሞ ከየት መጣ? በሦስቱ ክፍል አልነበረም እኮ።»

«በአራተኛው ላይ ነው የገባው።»

መጽሐፉን ሲዘጋው ያልተገለጠ ገጽ ቀርቶ ነበር፤ አየሁት። ግን ጆሮው ያን ያህል ቀልቶ አይቼው አላውቅም፤ እኔም ሳቄ መጣ። ቀረሁ። በጥር ተጋባን።

ይታይሽ አንድ ጊዜ በወታደር ልብስ መጥታ፣ ቆማ ሻይ ጠጥታ፣ «አሁንም አላነበበልሽም?» ብላ አሹፋብኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ። እናቷ እማማ ዘነቡ ዓይናቸው እስኪፈዝ ድረስ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር እየመጡ ረዳቱን ልጄን አይተሃታል ወይ ሲሉ፣ ሻይ የምቀዳላቸው እኔ ነበርኩ። ሰርኬ አካዳሚ ስትለኝ የሚታየኝ የብረት በር አይደለም። የእማማ ዘነቡ ብርጭቆ ነው፤ በእጃቸው ውስጥ እንዳለ የሚቀዘቅዘው።

ቅዳሜ ዕለት እንግዲህ ምስሩን አስቀምጬ ተነሳሁ። ባለቤቴን በልጆቼ ፊት እርስዎ እንጂ አንተ ብዬ አላውቅም።

«አንተ!» አልኩት። «ያኔ አንብቤው ነበር እኮ። ልክ ነበርኩ!»

ከጋቢው ሥር፣ «እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

«ዲያቆኑስ?»

«ዲያቆኑን... እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ሰርኬ በሳቅ ወደቀች። እኔ አልሳቅኩም። ይሄን ሁሉ ዘመን ዓይኔን ሳላምን፣ ማንበብ አልችልም እያልኩ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር ለሰው እየሰጠሁ ኖርኩ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ እሱ ያደረገውን አሁን እኔም ባደርገው ደስ እንደሚለኝ ማወቄ ነው። ሰርኬ የምትቀርልኝ ቢሆን አንድ ፊደል አይደለም፣ መጽሐፉን በሙሉ እውጠው ነበር። እሷ ግን ራሷ ታነባለች፤ ማን ይውጥባታል?

«የመጨረሻውን ገጽ ስጪኝ» አልኳት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ማንም ሳያግዘኝ ደረስኩበት። ደ-ስ-ታ በ-ሩ-ን ከ-ፈ-ተ-ች።

«ከዚያስ? ልትገባ ነው ልትወጣ?»

«አይልም እማዬ። እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።»

ለዚህ ነው እንግዲህ አውቶቡስ ስጠብቅ የከረምኩት!

ሰኞ ከዚህ ከማርቆስ የምትሳፈርበት መኪና በሉማሜ ነው የሚያልፈው። እስከዚያ አብሬያት እሄድና፣ ሻይ ቤቱ በነበረበት እወርዳለሁ። ሂጂ አላልኳትም፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስትደርሺ ጻፊልኝ።»

«ስልክ አለ እኮ እማዬ።»

«የለም፣ ጻፊልኝ። አባትሽ እጁን አያስገባም፤ ራሴ ነኝ የማነበው።»