የአምስት ሳምንት ፀጉር

በቅሏል። ደስ የሚል ወሬ ሆዴ ውስጥ አላድር ስለሚለኝ አስቀድሜ ልናገረው፤ የማን ነው፣ ከየት መጣ የሚለው ይደርሳል። በግራ በኩል ግማሽ ጣት፣ በቀኝ በኩል ከዚያ ትንሽ አነስ ብሎ፣ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ፣ በቅሏል። ያየው ዓይን ብቻ ቢሆን ምኞት ነው ይባል ነበር። የመሰከሩት ግን የእትዬ ብርሃነሽ ጣቶች ናቸው፤ ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ካሉት ፎቆች ውስጥ የእነዚያን ጣቶች ፍርድ የምትጠራጠር ሴት አላውቅም።

የበቀለው ፀጉር ነው። ባለፀጉሯ ደግሞ ብሩክታዊት ናት።

ብሩክታዊት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ዌስተን ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርትመንት ብቻዋን ትኖራለች፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚያሰናዳ ኩሽና ትሠራለች። ወንድ ልጅ ተወለደ ተብሎ እልል የተባለላት፣ በወንድ ልጅ ወግ ያደገች ሴት ናት። ሴትነቷን እሷ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀው ነበር፤ ከአፏ አውጥታ ለሰው የተናገረችው ግን በካርቱም አድርጋ ቶሮንቶ ገብታ፣ ስምንት ዊንተር ካሳለፈች በኋላ ነው። የድሮ ስሟን አልጣለችውም፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ፊደል ቀጥላ አስረዘመችው።

አምና፣ በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት መስከረም ላይ፣ ሐኪሟ ሁለት ዓይነት ኪኒን አዘዘላት። አንደኛው የሴት ሆርሞን ነው፤ ሁለተኛው ሰውነቷ ራሱ የሚሠራውን የወንድ ሆርሞን አደብ የሚያስይዝ። ሐኪሙ ጠንቃቃ ሰው ነውና ብዙ ቃል አልገባላትም። ቆዳሽ ይለሰልሳል፣ ሰውነትሽ ቀስ እያለ ይለወጣል፣ የግንባርሽ ፀጉር ወደ ኋላ መሸሹን ሊያቆም ይችላል አላት። እሷ የመጨረሻዋን ብቻ ይዛ ወጣች። አባቷ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ግንባራቸው እስከ መሀል አናታቸው ደርሶ ነበር። ባርኔጣቸውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያወልቁ ፀሐይ አናታቸው ላይ ስታርፍ ዛሬም ይታያታል።

ኩሽናው ውስጥ ሁሉም ሰው ሄርኔት፣ የፀጉር መረብ፣ ያደርጋል። ሌላው ሰው ሺፍቱ ሲያልቅ አውልቆ ይጥለዋል። ብሩክታዊት ግን ሎከሯ አጠገብ ቆማ፣ መረቡን ገልብጣ፣ ውስጡ የቀረውን ፀጉር ትቆጥር ነበር። ሦስት። አራት። አንድ ቀን ዘጠኝ ሆኖ ከባስ እስክትወርድ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ዘንድሮ ለፋሲካ፣ ሁለት ዓመት ያሳደገችውን ፀጉር ይዛ እትዬ ብርሃነሽ ዘንድ ሄደች። እትዬ ብርሃነሽ ካርቱም ሳሉ ጎረቤቷ ነበሩ። ነገሩን የነገረቻቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት አኮረፉ፤ በሦስተኛው ኮል አድርገው፣ “ፀጉርሽን ማን ነው የሚሠራሽ?” አሏት። ኩርፊያው በዚሁ አለቀ።

እትዬ ብርሃነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ሹሩባ ይሠራሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸውና ሰው ስለሚበዛባቸው በራቸው ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፤ “ፈታችሁ፣ ታጥባችሁ፣ አበጥራችሁ ኑ” ይላል። ሹሩባውን እሳቸው ይሠሩታል፤ መፍታቱ የባለቤቱ ሥራ ነው። የብሩክታዊት ጣጣ የመጣው ከዚያች ወረቀት ነው።

የፋሲካውን ሹሩባ በሁለት ሳምንቱ መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ ፈታችው። ሚዶውን ስታሳልፈው የድርጭት እንቁላል የሚያህል ፀጉር ተሰብስቦ ወጣ። እጇ ላይ አድርጋ መብራቱ ሥር አየችው። ሰኔ ላይ ደግማ ስትሠራ መፍታቱን ፈርታ ሦስት ሳምንት ተኩል ቆየች፤ የዶሮ እንቁላል ሆኖ ወጣ። ይህን ሐኪሙ ጋ ይዛ ሄደች፤ አውሮፕላን ላይ ሹካና ማንኪያ በሚታሸግባት ትንሽ ላስቲክ አድርጋ። ሐኪሙ አገላብጦ አየው። ደም አስወሰዳት፤ ደሟ ደህና ነበር። “ሆርሞን ሲለወጥ ፀጉር ለጊዜው የሚረግፍበት፣ ከዚያ ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ እንጠብቅ” አላት። ሹሩባ እንደነበራት አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ምን ብላ ትነግረዋለች? ለካ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር።

መስከረም ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተሠራች። አሁን አምስት ሳምንት ሙሉ አልነካችውም። ስትፈራ ቆየች፣ ስትቆይ በዛ፣ ሲበዛ ደግሞ ይበልጥ ፈራች። ያለፈው ሳምንት እሑድ ስትፈታው ጭብጧን የሚሞላ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ኪኒኖቹን መሳቢያ ውስጥ ከታ ዘጋችባቸው። ወይ እነሱ ናቸው የሚያረግፉት፣ ወይም የአባቷን ራስ የሚመክት አቅም የላቸውም፤ ሁለቱም አንድ ነው አለች ለራሷ። ሴትነቷን ኪኒን አልሰጣትም፤ ያንን ታውቃለች። ግን በዚህ አንድ ዓመት ጠዋት መስታወቱ ውስጥ የምትጠብቃት ሰው ቀስ በቀስ እሷን መምሰል ጀምራ ነበር። ያቺን ሰው ነው መሳቢያው ውስጥ የቆለፈችባት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ቅዳሜ ራሷን በሻሽ አስራ እትዬ ብርሃነሽ ቤት ገባች። ሙሉእመቤት ቀድማት ተቀምጣለች። ሙሉእመቤት የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ፀጉሯ ግን ምላሷን የሚያስረሳ ሴት ናት፤ ተፈቶ ሲለቀቅ ወገቧ ላይ ይደርሳል። ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ መጥታ ሹሩባዋን ሳትፈታ በመገኘቷ እትዬ ብርሃነሽ እየተቆጧት ነበር።

“በሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አቃተሽ?”

“እትዬ፣ ለሠላሳ ሽማግሌ ቁርስ አብልቼ ነው የመጣሁት። ይማሩኝ።”

ብሩክታዊት ጃኬቷን ሳታወልቅ ቆመች። “እትዬ፣ ዛሬ አይሥሩኝ። ይላጩኝ።”

እትዬ ብርሃነሽ ከጥርሳቸው መሀል የያዙትን ሚዶ አወጡ። “ማን ሞተብሽ?”

“ማንም።”

“እናትሽ ደህና ናቸው? እህትሽ ቤዚ ደህና ናት?”

“ሁሉም ደህና ነው። የሞተው ፀጉሬ ነው።” ላስቲኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው።

እትዬ ብርሃነሽ ወደ በረንዳው መስታወት ዞረው በብርሃን አዩት። “ይኼ በስንት ጊዜ የወጣ ነው?”

“ባንድ ጊዜ። እሑድ ስፈታው።”

“ከሠራሁሽ?”

“አምስት ሳምንት ሆኖት ነበር።”

መጀመሪያ የሳቀችው ሙሉእመቤት ናት። “ለዚች ነው? እኔ በየጊዜው ያወጣሁትን ባጠራቅም ይኼኔ ትራስ ሞልቼ ተኝቼበት ነበር።”

ብሩክታዊት፣ “አንቺ ምን አለብሽ፣ ወገብሽ ድረስ ነው” ብላ ወደ በሩ ዞረች።

“የትም አትሄጂ” አሏት እትዬ ብርሃነሽ። “ቁጭ በይና እዪ። አንቺ ደግሞ አፍሽን ዝጊና ወዲህ ነይ። ዛሬ ሳትፈቺ መምጣትሽ ለበጎ ነው። እናንተን አንድ ቅዳሜ ነው የሠራኋችሁ፤ እሷ እሑድ ስለፈታች የምትበልጪያት በአንድ ሳምንት ብቻ ነው።”

ሙሉእመቤትን ትራሱ ላይ አስቀመጧት። እኔ ነኝ ያለ ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ የሚለውን በሃያ ደቂቃ ፈቱት። ሚዶውን ከሥር እስከ ጫፍ አሳለፉ፣ ደገሙ፣ የወጣውን እየጠቀለሉ ወለሉ ላይ ባነጠፉት የቶሮንቶ ጋዜጣ ላይ አኖሩት። ከዚያ የብሩክታዊትን ከላስቲኩ አውጥተው አጠገቡ አስቀመጡት። የሙሉእመቤቱ የእሷን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል።

ብሩክታዊት ጎንበስ ብላ አየች። “ያንቺም ይረግፋል?”

“የማን ፀጉር ነው የማይረግፈው?” አለች ሙሉእመቤት፤ አሁን አልሳቀችም።

“የሰው ፀጉር በየቀኑ ይረግፋል” አሉ እትዬ ብርሃነሽ። “የተፈታ እንደሆነ ትራስሽ ላይ፣ ሹራብሽ ላይ፣ ሻወር ውስጥ ይቀራል፤ ሳታዪው ይሄዳል። ሲጎነጎን ግን የት ይሂድ? ከሥሩ ለቆ ጉንጉኑ ውስጥ ቁጭ ይላል። ስትፈቺው የአምስት ሳምንቱ ባንድ ቀን ይወጣል። ብታቆዪው ኖሮ የበለጠ ታገኚ ነበር። ይኼን አታውቂም?”

“ማን ነግሮኝ?”

ይህን ማን እንደነገራቸው እትዬ ብርሃነሽም አያስታውሱም፤ ሙሉእመቤትም አታስታውስም። ሴት ልጅ እናቷ ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ ስታድግ አብሯት የሚያድግ ነገር ነው፤ ተነግሮ አያውቅም።

ብሩክታዊት ግን ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። ታናሽ እህቷ ቤዚ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትሠራ እሷ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ “ሂድ ውጣ፣ ከልጆቹ ጋር ተጫወት” እስክትባል ድረስ። መጎንጎኑን እንዳየችው ታውቃለች። ሲፈታ ግን አንድም ቀን አላየችም። ቤዚ ዓርብ ከጓሮ ትፈታዋለች፤ የወጣውንም ሰው እንዳይረግጠው እናታቸው በወረቀት ጠቅልለው ግንቡ ሥር ይቀብሩታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተቀበረ ነገር ነው ጋዜጣው ላይ ተቀምጦ የምታየው።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ እትዬ ብርሃነሽ። “ፈታችሁ ኑ ብዬ ለጠፍኩ። መጀመሪያ እኔው ነበርኩ ልፈታልሽ የሚገባኝ።”

“ወረቀቱ ይነሳ በሉና” አለች ሙሉእመቤት።

“ላንቺ አይነሳም።”

ብሩክታዊት ሻሿን ፈታች፤ ጃኬቷንም አወለቀች፤ ትራሱ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ብርሃነሽ ፀጉሯን በሚዶ ጫፍ ከፋፍለው ከግንባሯ ጥግ ሊጀምሩ ሲሉ ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ሄደ፤ ተመልሶ መጣ። መነጽራቸውን አስመጡ።

“ምን ሆነ?” አለች ብሩክታዊት።

“ዝም በይ። በፋሲካ የጀመርኩሽ ከዚህ ነው።” ጣታቸውን አሳረፉላት። “ከዚህ ወደ ፊት የምይዘው ፀጉር አጥቼ። አሁን እዚህ ድረስ አለ። ሙሉእመቤት፣ ነይ እዪ።”

ሙሉእመቤት አፍንጫዋ የብሩክታዊትን ግንባር እስኪነካ ተጠግታ አየች። “የሕፃን ፀጉር ነው” አለች። “ግራው ይበልጣል።”

መስታወት አመጡላት። ብሩክታዊት ከጆሮ ግንዷ በላይ ያለውን ቦታ በጣቷ ጫፍ ደባበሰችው፤ ብዙ ጊዜ ደባበሰችው። ከዚያ መስታወቱን ጭኗ ላይ ደፍታ፣ “ኪኒኑን ሰኞ አቁሜዋለሁ” አለች።

“ስለ ኪኒን አላውቅም፤ የማውቀው ፀጉር ነው” አሉ እትዬ ብርሃነሽ። “ፀጉሩ እየመጣ ነው። የቀረውን ሐኪምሽን ጠይቂ።”

“ሲያምም ነው የሚያምር” የሚሉ፣ በአጥብቆ መሥራት የሚኮሩ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን ግንባሯ ዳር ያለውን፣ ጨቅላው እንዳይነቀል ብለው፣ ላላ አድርገው ሠሩት። ብሩክታዊት የሹሩባ ሕመም ሳይሰማት ሲቀር፣ “እትዬ፣ ደክሞዎታል እንዴ?” ብላ እስክትጠይቅ ድረስ።

ዛሬ ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ እንደተከፈተ ኮል አደረገች። ሐኪሙ ታሪኩን ሰማ። ከዚያ በቀን እስከ መቶ ቢረግፍ ብሎ በሠላሳ አምስት ቀን አባዛ፤ ሳቀም። ወደ ሁለቱም ኪኒኖች ተመለሺ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ብለሽ ግንባርሽን አሳዪኝ፣ ሁለተኛ ሳትነግሪኝ አታቁሚ አላት። ፋይሏ ላይ ሊጽፈው ፈልጎ ሹሩባ የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል አስቆጠራት። እሷ ስልኩን እንደዘጋች መሳቢያውን ከፈተች፤ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ዋጠቻቸው፤ ከዚያ ለኔ ለጓደኛዋ ደወለች።

ቤዚ ኢስት ዮርክ ነው የምትኖረው። ከእህቷ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በፋሲካ ማግሥት ሰብዌይ ውስጥ ከሩቅ በሹሩባ አይታት ሰላም ሳትላት ወርዳለች። ከዚያ ወዲህ ግን እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ክንዴን ትይዝና፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብላ፣ “ፀጉሯ እንዴት ሆነ?” ትለኛለች። ሌላ ነገር አትጠይቅም። እኔም ሳይፈቀድልኝ መልሼላት አላውቅም።

ዛሬ ብሩክታዊትን ጠየቅኋት። “ንገሪያት” አለችኝ። “ሁሉንም ንገሪያት። ሲፈታ እንዲህ እንደሚወጣ ለምን አልነገርሽኝም ብላሻለች በያት።”

ቤዚ ከሥራ የምትወጣበት ሰዓት ደርሷል፤ ይህን በስልክ አልነግራትም። ጃኬቴን ለብሼ ነው የምጽፈው፤ ባሱ ጥግ ላይ ሲታጠፍ በመስኮቱ እያየሁት ነው።