አይሊ ያስቆረጠችው ጥድ

ወሬውን ለአይሊ ያደረስኩት እኔ ከጫካው ማዶ ያለሁት ጎረቤቷ ነኝ። ልደብቀው ብልም አይሆንልኝም፣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

እዚህ ፊንላንድ ገጠር ውስጥ የራሱ ደን የሌለው ሰው ጥቂት ነው፤ አንዱ ከአባቱ፣ ሌላው ከአክስቱ ወርሷል። የአይሊ ግን ይለያል። ከቤቷ ጀርባ ያለውን የጥድ ጫካ አባቷ መጋዝ ሳያስነካው ሞተ፣ እሷም እስከ ሰባ ሁለት ዓመቷ አላስነካችውም። መቁረጥ እየቻሉ መተው ኩራታቸው ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ጠዋት ጠዋት ግንድ ግንዱን እየዳበሰች ትዞር ነበር።

መስከረም ላይ ሳውና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ምላሴ አላርፍ አለኝ። ከከተማ የመጡ ሰዎች ያረጁ ደኖችን ካርታ ላይ እያሰመሩ ነው፣ መስመሩ ውስጥ የገባውን መቁረጥ ክልክል ይሆናል አልኳት። አገሩ በሙሉ የሚሟገተው በዚሁ ነበር። አይሊ የጋለው ድንጋይ ላይ ደጋግማ ውሃ ቸለሰች።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ከአንዱ ጥድ ሥር የበራሪ ሽኮኮ በጠጥ አገኘች፣ ቢጫ፣ ሩዝ የሚያህል። ድሮ ቢሆን ደስ ይላት ነበር። ያን ቀን ግን አንድ በአንድ ለቅማ ኪሷ ከተተችው፤ ሽኮኮው እዚያ መኖሩ ከታወቀ ጫካው ይከለከላላ! መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮት ላይ ናት።

«አንቺ መቼም አትቆርጪው፣ ቢከለክሉሽ ምን ቀረብሽ?» አልኳት።

«መቁረጥ ካልቻልኩማ አለመቁረጤ ምኑ ያኮራል?» አለችኝ።

 

ጥር ላይ መሬቱ በብርድ ሲደድር የመቁረጫ ማሽን ነጂውን ኦስሞን ጠራችው። እሱ እንኳን ጨነቀው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና እርግጠኛ ነሽ ወይ አላት።

«ሳይቀድሙኝ ቁረጠው» አለችው።

በሦስት ቀን አለቀ። ሦስቱንም ቀን ከቤቷ አልወጣችም።

ግንቦት ላይ ካርታው የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ተለጠፈ። አብረን ሄድን። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ ብትፈልግ ብትፈልግ ቀዩ መስመር ከረግረጉ ማዶ ቀርቷል፣ የመንግሥት መሬት ላይ። ካርታውን ያመጣችውን ወጣት «የኔስ?» አለቻት።

«የእርስዎ መጀመሪያውኑም ካርታው ውስጥ አልነበረም» አለች ልጅቷ። «የግል ደን ባለቤቱ ካልጠየቀን አንነካም።»

በኔ መኪና ተመለስን። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ክንዴን ይዛ በጫካው በኩል አትሂጂ አለችኝ። በድልድዩ ዞሬ ወሰድኳት።

ምን ዋጋ አለው፣ ወጥ ቤቷ ገብተን በመስኮቱ ስናይ ማዶ የኔ ቤት በሩ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ። በፊት ከዚያ መስኮት አይታይም ነበር።