ያበጠው የወንድሜ ላፕቶፕ

ወንድሜ ካረፈ በኋላ እናቴ ላፕቶፑን ቡፌው ላይ እንደተከፈተ አስቀምጣ ዳንቴል ጣል አደረገችበት። ቻርጀሩን ለአንድ ሰዓት እንኳ አታስነቅልም። አንዴ ከጠፋ ዳግም የሚነሳ አይመስላትም። ለቸርች ሲለማመድ የቀዳው መዝሙር እዚያ ውስጥ አለ፤ ከድምፁ የቀረን እሱ ብቻ ነው።

አንድ እሁድ ከአምልኮ ስንመለስ መዝሙሩ ባዶ ቤት ውስጥ ይሰማል። እኔ ክው አልኩ። እናቴ ግን ነጠላዋን ሳታወርድ ቡፌው አጠገብ ተቀመጠችና «መጣ» አለች፣ በቃ፣ ከሥራ የገባ ያህል።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ሦስቴ በራሱ ይከፈት ጀመር። ምን እዋሻለሁ፣ ፈርቼ ነበር። «ተው እንጂ ወንድሜ» ብዬ የለመንኩበት ቀን አለ።

በመጨረሻ ዳንቴሉን ገለጥኩት። ጣት የምናንሸራትትበት ቦታ ወደ ላይ ተገፍቷል፣ ሆዱ ጎብጧል፣ ከረሜላ ከረሜላ የሚል ሽታ አለው። እኔ ጀግናዋ በሁለት እጄ ተጭኜ ልመልሰው ሞከርኩ።

አየር ጤና ሰፈር ላፕቶፕ ለሚጠግን ሰው ስደውል ተቆጣኝ። «ባትሪው አብጦ ነው። አትጫኚው። አጥፊውና ከቻርጀሩ ንቀዪው፣ ከሚነድ ነገር አርቀሽ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጪው። ታክሲ ውስጥ ይዘሽው እንዳትገቢ፣ እኔ እመጣለሁ።»

እናቴ ሶኬቱ ፊት ቆመች። «እጅሽን ሰብስቢ። ልጄን ሁለቴ አልቀብርም።»

«እማ፣ ቤቱን ያነደዋል።»

«ይንደድ።»

መዝሙሩም አብሮ ይነድዳል ስላት ዞር አለችልኝ።

ሰውየው ግቢ ውስጥ ፈታው። ባትሪው እንደ ትንሽ ትራስ ተነፍቷል። ሳይበሳው፣ ሳያጥፈው ቀስ ብሎ አነሳና አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ ከተተው፤ ቆሻሻ ገንዳ አይጣልም ብሎ ራሱ ወሰደው። ከመሄዱ በፊት «ማዘር፣ መዝሙሩ ደህና ነው፣ ያለ ባትሪም በቻርጀሩ ይሠራልዎታል» አላት። «በራሱ ይከፈት የነበረው እብጠቱ ጣት የምታንሸራትቱበትን ቦታ ከሥር እየገፋው ነው።»

በነጋታው ከሰዓት ከፈትኩላት። ድምፁ እንዳለ ነው፤ መሐል ላይ ተሳስቶ ሲስቅ እንኳ ይሰማል። እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«አንቺ ስትከፍቺው ቅጂ ነው» አለችኝ። «እሱ ሲከፍተው ነበር ልጄ የሚመጣው።»

ከዚያ ወዲህ ክፈቺልኝ ብላኝ አታውቅም። ከሥራ ስመለስ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼ፣ በራሱ ተከፍቶ እንደሆነ ብዬ ትንሽ የማዳምጠው እኔ ነኝ፣ ያቺ ፈሪዋ።