ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓሣ

ልጅ ሳለሁ ዲላ ውስጥ ስምንት ዓሦች ነበሩኝ። ዛሬ ጉልበቴ አልታዘዝ ባለበት ዕድሜ እንኳ የእነሱ ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ "አሁንም ስለ ዓሣ?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ!

ከለገዳራ ወንዝ ያወጣኋቸው በእናቴ የዱቄት ወንፊት ነው፤ ለዚያም ጆሮዬ እስኪቀላ ተቆንጥጫለሁ። ከትንሽ ጣቴ አይበልጡም፣ ጎናቸው ላይ ጥቁር ነጥብ አላቸው። ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ ከረሜላው ያለቀበትን አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሰጡኝ። የመጀመሪያው ሰሞን ውሃው ከረሜላ ከረሜላ ይሸት ነበር። መስኮታችን ላይ አስቀምጬ የቆጮ ፍርፋሪ ስጥልላቸው ስምንቱም አንድ ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ላይ ይዞራሉ። ውሃ ስቀይር አንዱን ለብቻው ጣሳ ውስጥ ካቆየሁት ግን ታች ተለጥፎ ምግብ እንቢ ይላል። ከጓደኞቹ ስቀላቅለው ወዲያው ይበላል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።

የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከይርጋለም ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለና ዲሬክተራችን በየክፍሉ የሳይንስ ጥግ ይኑር፣ ሕይወት ያለው ነገር ይቀመጥበት ብለው አዘዙ። እኔ ሞኟ፣ ደስ ብሎኝ ጠርሙሴን ተሸክሜ ሄድኩ። ዲሬክተሩ ቆጠሯቸው። ስምንት ዓሣ፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ስምንት ክፍል! ፊታቸው በራ። "ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ይድረስ፤ አድልዎ የለም" አሉ።

"ጋሼ፣ እባክዎ አይለያዩዋቸው፤ ለብቻቸው አይኖሩም" አልኩ።

"ዓሣ ደግሞ እንደ ሰው ይናፍቃል እንዴ?" አሉና መምህራኑ ሁሉ ሳቁ። ደግሜ ስናገር "ለታላቅ አትመልሺ!" ተባልኩ። በዚያው ሳምንት እኮ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እያስባሉን ነበር! ለጥቁር ሰሌዳ ብቻ ኖሯል ለካ።

ዓሦቼ በየቆርቆሮውና በየመድኃኒት ጠርሙሱ ተበተኑ። በእረፍት ሰዓት ከክፍል ክፍል እየሮጥኩ አያቸዋለሁ። የሰባተኛ ክፍሉ ታች ተለጥፏል። የአንደኛ ክፍሉ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የራሱን መልክ አይቶ ጓደኛ መስሎት፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው ተጣብቆ ይውላል። እሱን ሳይ አለቀስኩ። ተቆጣጣሪው ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር የተረፈ ዓሣ አልነበረም።

ጥፋተኛዋ ማን ሆነች? እኔ! ሰንደቅ ዓላማ ፊት በሰልፉ መሐል "የታመመ ዓሣ አምጥታ ትምህርት ቤታችንን አሳፈረች" ተብዬ መዳፌን ሦስት ልምጭ ቀመስኩ። ቤት ስገባ አባቴ "አስተማሪ ያለ ነገር አይመታም" ብሎ ነገሩን ዘጋው። የተናገርኩትን አንድ ሰው እንኳ ቢሰማኝ ኖሮ፣ ዓሦቹ ቢሞቱም እንዲህ አያቃጥለኝም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወናጎ ለቅሶ ቤት ዲሬክተሩን አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው "አንቺ ነሽ እንዴ የታመመ ዓሣ ያመጣሽው ልጅ!" ብለው ሳቁ። ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ዘመን ኖረውም! ሽማግሌ ናቸውና ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ንፍሮውን ግን ሳልቀምስ መለስኩት።

ያኔ ለታላቅ መመለስ ነውር ነበር፤ ልጅ በዓይኑ ያየውንም ቢሆን ውጦ ይቀራል። ዛሬ የልጅ ልጄ ፊት ለፊቴ ቆማ "አያቴ፣ ተሳስተሻል" ትለኛለች። እናቷ "አፍሽን ያዢ!" ብላ ትቆጣታለች። እኔም ብሆን እጄን ይበላኛል፤ "ምን አባቷ ታውቅና ነው!" እላለሁ በሆዴ። ግን እናቷን፣ "ተያት፣ ትጨርስ" እላታለሁ።