የጋሽ ገመቹ ሪሞት

አዳማ በተከራየሁበት ግቢ ዲሽም ሪሲቨርም ያለው አከራያችን ጋሽ ገመቹ ቤት ብቻ ነው። ተከራዮቹ ከእሳቸው ቤት ገመድ ስበን፣ እሳቸው የከፈቱትን እናያለን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የአራት ዓመቷ ልጄ እራት የምትበላው የልጆች ጣቢያው የማታውን ካርቱን ሲያሳይ ብቻ ነው። ጋሽ ገመቹ ይህን ሲሰሙ ዜናቸውን ትተው በየማታው ይከፍቱላት ጀመር። ውለታው ከበደኝ። ዜና ሲያመልጣቸው ሰው የማያናግሩ ሽማግሌ ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ አክስቷ ልጄን መቂ ወሰደቻት። ማታ ቴሌቪዥኑን ብከፍት ያው ካርቱን ነው። መሄዷን አልሰሙም ማለት ነው ብዬ እየተሳቀቅሁ ሄጄ አንኳኳሁ።

"ግባ!" አሉ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ።

"ጋሼ፣ ሳልነግርዎት ይቅርታ። ልጅቷ መቂ ሄዳለች። ዛሬ እንኳ ዜናዎን ይዩ።"

ሪሞቱን ጨበጥ አደረጉ። የተቀየሙኝ መስሎኝ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

"በእኛ የተነሳ ስንት ዜና አመለጠዎት..." ብዬ ልቀጥል ስል ሪሞቱን ወደ እኔ ቀስረው ጮኹብኝ።

"ታኢ! ቁጭ በል! መሄዷን አውቃለሁ። ቀበሮው ጥንቸሏን ሊይዛት ነው፣ አንተ ስለ ዜና ታወራለህ?"