የሽንፈት መርዶ

የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን እርግማን አለበት ይላሉ። የለበትም። እርግማን ያለበት ቡድን በመስከረም ይጀምርና በመስከረም ይሸነፋል፤ ደጋፊውም በጊዜ ተስፋውን ቆርጦ የግቢውን ቅጠል ይጠርጋል፣ የመኪናውን ጎማ ይቀይራል፣ በረዶውን በሰላም ይጠብቃል። የኛው ቡድን እንዲህ ያለ ርኅራኄ አያውቅም። እሱ ያሸንፋል። መስከረምን ያሸንፋል፣ ጥቅምትን ያሸንፋል፣ ኅዳር ላይ ጎረቤት ሁሉ የቡድኑን ሐምራዊ ባንዲራ ይሰቅላል። ሰውን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነው የሚጥለው። ይህ ልማድ እንጂ እርግማን አይደለም። ልማድ ደግሞ የባሰ ያስፈራል፤ እርግማን እንኳ በጸበል ይለቃል።

እግር ኳስ የምለው ኳሷን በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበትን፣ ራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። ስፖርት አልወድም፤ ላብም ጩኸትም በሩቁ ይሻለኛል። የዚህን ቡድን ታሪክ ግን ከብዙ ደጋፊ በላይ አውቀዋለሁ። ያጠናሁት ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው የውሃውን ልክ እንደሚያጠና ነው። ፍቅር የለበትም።

ታሪኩን ወደ ቤታችን ያመጣው ባለቤቴ ነው። ሾፌር ነው፤ ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ክሊኒክ ያመላልሳል። ለኩላሊት እጥበት የሚወስዳቸው አንድ የዚህ አገር ሽማግሌ ነበሩ፤ በየመንገዱ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ያወሩለት ነበር። ቡድኑ ድሮ ጣሪያ በሌለው ሜዳ፣ ዛሬ ትልቁ የገበያ አዳራሽ በቆመበት ቦታ ይጫወት እንደነበር። አሠልጣኙ በዚያ ብርድ ለተጫዋቾቹ ማሞቂያ ይከለክል እንደነበር። አራት ጊዜ ለዋንጫው ፍጻሜ ደርሶ አራቱንም እንደተሸነፈ። ኳሷን በእግሩ ለግቶ በቋሚዎቹ መሐል የሚያሳልፈው፣ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ያልሳተ መቺ፣ ጨዋታውን የምትዘጋውን አንዷን ምት እንደሳተ። በኋላ የገቡበትን ጣሪያ ያለው ሜዳ ደግሞ በረዶ ተከምሮበት ጣሪያው እንደወረደ። ባለቤቴ ማታ ራት ላይ ይህን ሁሉ እንደ ቅዱሳን ገድል ይተርክልኝ ነበር፤ ልዩነቱ እነዚህ መከራ ተቀብለው አክሊል አለማግኘታቸው ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ቡድኑን እሱ ወረሰ። ሌላ ሰው ቤት ይወርሳል።

አምና ልቡን ታመመ። የተዘጋ የደም ሥር ተገኝቶ ማስፊያ ሽቦ ገባለት። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ለክትትል አብሬው ሄድሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጥያቄውን በጥድፊያ ያወርዳል።

«ሲጋራ?»

«አላጨስም።»

«መጠጥ?»

«በበዓል ብቻ።»

«የምትደግፈው ቡድን አለ?»

ባለቤቴ የቡድኑን ስም ሲነግረው ሐኪሙ መጻፉን ተወ። «እሱን እኔም መተው አቅቶኛል» አለና ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሐኪሙ አየኝና ፊቱን ሰበሰበ። ለተወሰነ ጊዜ ከድንገተኛ ድንጋጤ እንዲርቅ መከረው። ይህን ሲል የሕመምተኛው ቡድን የትኛው መሆኑን ረስቶታል ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ የጨዋታውን ቀን፣ እሑድን፣ ፈራሁ። ባለቤቴ ጨዋታ ሲያይ አይጮህም። ሌላው ሰው ሶፋ ላይ ሲዘል እሱ ዝም ይላል፣ ግራ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ከንፈሩ ይደርቃል። ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍሁ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። የሚገርመው ቡድኑ ሲሸነፍ አርፋለሁ። የምፈራው ሲመራ ነው፤ በተለይ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ሲመራ። ያን ጊዜ ታሪኩን ስለማውቅ ቢላውን አስቀምጣለሁ። ኮሌጅ ያለችው ልጃችን ይህን በስልክ ስነግራት «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ጌም» ትለኛለች። ጨዋታ ብቻ ነው ማለቷ ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ አጭር መልስ ይወዳል።

በዚያው ሰሞን ደሴ ያሉት እናቱ አልጋ ያዙ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ይደውላል፤ ስልኩን የሚያነሳ ሁሉ «ደህና ናቸው» ይለዋል። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በውጭ አገር የምንኖር ሁሉ እናውቃለን። ምንም ማለት አይደለም። ሰው ሞቶ ሣልስቱ ወጥቶም «ደህና ናቸው» ይባላል፤ መርዶው በሽማግሌ እስኪነገር ድረስ ማንም እውነቱን አይናገርም።

ዘዴውን ያመጡት የእድራችን ሽማግሌ ናቸው። በዚህ ከተማ መርዶ በማርዳት የሚወዳደራቸው የለም። ስለ ባለቤቴ ልብ ሰምተው ሊጠይቁ መጡና፣ እሱ መድኃኒቱን ሊወስድ ሲነሣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ኳሱን ራሱ አይየው፤ እኛ እንንገረው» አሉ። «መርዶ ሥርዓት አለው፣ ልጄ። ሰው በባዶ ሆዱ አይረዳም። ቆሞ አይረዳም። ብቻውን አይረዳም።»

«ጋሼ፣ ኳስ እኮ ነው።»

«ልብ መቼ ለይቶ ያውቃል?»

መርዶ ርኅራኄ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ሌላው ሁሉ አውቆ አንዱን ብቻ ሞኝ አድርጎ ማሳደር ምኑ ርኅራኄ እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም። ግን ፈሪ ዘዴ አይመርጥም። ባለቤቴም ለእኔ ሲል እሺ አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ራዲዮውን ዘግቶ ይሠራል፤ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ማንም አይደውልለትም፤ ቤት ገብቶ፣ በልቶ፣ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

መጀመሪያ መሳቂያ ሆኖ ነበር። የሚነግረው ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር ስልክ የሚሸጥ ጓደኛው ነው፤ ለወሬ የተፈጠረ ሰው። ባለቤቴ በልቶ ሲጨርስ ደውሎ «ያው ልጆቹ በጣም ታግለዋል...» ብሎ ይጀምራል።

«ተሸነፉ በለኛ!»

«ምን ያስቸኩልሃል? ገና የመጀመሪያው ሩብ ላይ ነን። በሥርዓቱ ላርዳህ፣ ስማ።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ሽንፈቱ ሳይታወቅ ይዋጣል። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። ቡድኑ እንደ ልማዱ ከሽንፈቱ ድሉ በዛ። እኔም እንደ ልማዴ ፈራሁ፤ ጥር እየመጣ ነበርና። በጥር ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የጥሎ ማለፉን ጨዋታ ብቻዬን አየሁት። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። መርተው መርተው በመጨረሻ ተበለጡ፤ አንዲት ምት ግን ቀረቻቸው፣ በቅርብ ርቀት። መቺው ተንደርድሮ ለጋት። ኳሷ ከቀኙ ቋሚ ውጭ አለፈች። ስልኬ ወዲያው ጮኸ፤ ሽማግሌው ናቸው።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ይኼ እንደ ሌላው አይደለም። በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም። እየመጣን ነው።»

ከባለቤቴ በፊት ደረሱ፤ ሽማግሌው፣ ስልክ ሻጩና የስልክ ሻጩ ሚስት። ባለቤቴ እንዳይጠረጥር ሽማግሌው መኪናቸውን ከቤቱ ጀርባ አስቁመዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ኩን ራፒድስ ያለው ቤታችን በሩ እንደተከፈተ ደረጃ ነው፤ አጭር ደረጃ ወደ ሳሎን ይወጣል። የበረዶ ጫማቸውን ከታች አውልቀው ደርድረው ወጡ።

«ያቺን ኳስ ለእኔ ቢሰጡኝ ዓይኔን ጨፍኜ አስገባት ነበር» አለ ስልክ ሻጩ ገና ሳይቀመጥ።

«አንተ ቁልፍ እንኳ ከቀዳዳው አታገናኝም» አለችው ሚስቱ።

«ዝም በሉ» አሉ ሽማግሌው። «ቴሌቪዥኑን አጥፉት። ስልካችሁንም አስቀምጡ። እኔ እጀምራለሁ፣ እናንተ ትደግፉኛላችሁ።»

ተቀመጥን። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ቤቱ ስለቀዘቀዘ ጥቁር ሹራቤን ደረብሁ። ማናችንም ምን እንደምንመስል አላየንም።

የበሩ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ባለቤቴ ሁልጊዜ ከታች ሆኖ «እህስ!» ይላል። ያን ቀን አላለም። ብቅ ብዬ አየሁት። ጫማዎቹን እያየ ነበር፤ በረዷቸው ቀልጦ ወለሉን ያራሱትን በረድፍ የቆሙ ጫማዎች፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የሽማግሌውን ከዘራ። ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከደረጃው ጫፍ ላይ አራታችን ቆመን፣ ዝም ብለን፣ ቁልቁል እናየዋለን።

«ወንድሜ፣ ግባ» አሉት ሽማግሌው በዚያ በሚታወቀው ድምፃቸው። «እስቲ መጀመሪያ አረፍ በል።»

በአማርኛ ከዚህ የሚያስፈራ ዓረፍተ ነገር የለም።

«መቼ?» አለ ባለቤቴ።

«አሁን ከሰዓት በኋላ ነው» አሉት ሽማግሌው፤ ስለ ኳሱ የጠየቃቸው መስሏቸው።

«እማዬን!» አለና ግራ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጫማዎቹ መሐል ቁጭ አለ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «እናትህ ደህና ናቸው! ቡድኑ ነው! ቡድኑ ነው የተሸነፈው!» እያልሁ ጮኽሁ። እያዘነልኝ አየኝ።

«አንቺ እንኳ አትዋሺኝ» አለ።

ምን ልበለው? እሱ የሚያውቀው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይዋሻል። «ደህና ናቸው» ባልሁ ቁጥር እናቱን በገዛ አፌ እየቀበርኋቸው ነበር። ስልክ ሻጩ ከላይ ሆኖ «እናቴ ትሙት ኳስ ነው!» ብሎ ማለ። ከመሐላ ሁሉ ያቺን መረጠ። ባለቤቴ ጭራሽ ዓይኑን ጨፈነ። የስልክ ሻጩ ሚስት ባሏን በክርኗ ደቁሳ አምቡላንስ ጠራች።

ደሴ እንዳልደውል እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። በዚያ ሰዓት ከአሜሪካ ስልክ ቢጮህ ቤቱ ሁሉ ምን ብሎ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እዚያም አልጋ ላይ የደከመ አንድ ልብ አለ። ሽማግሌው አጠገቡ ተንበርክከው እጁን ይዘዋል። የቀረኝ እውነተኛ ምስክር አንድ ብቻ ነበር። ወደ ላይ ሮጬ ቴሌቪዥኑን ከፈትሁና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ያቺን ምት እየደጋገሙ ያሳዩ ነበር። የተንታኞቹ ዋይታ ቤቱን ሞልቶ በደረጃው ወረደ።

ባለቤቴ ዓይኑን ገለጠ።

«ሳተ?» አለ።

«ሳተ!» አልነው ሁላችንም።

«ከቅርብ?»

«ሕፃን የሚያገባት ነበረች!» አለ ስልክ ሻጩ።

«ተመስገን» አለ ባለቤቴ፣ እንባውም መጣ። በዚህ ቡድን ታሪክ ስለ ሳተ ምት ፈጣሪውን ያመሰገነ ደጋፊ ቢኖር እሱ ብቻ ይመስለኛል። እጁን ግን ከደረቱ ላይ አላነሣም፤ እኔም የማየው እጁን ነበር።

የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ጫማዎቹን በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ገመዶቻቸውን ዘረጉ። አንደኛው ምን አስደንግጦት እንደሆነ ጠየቀኝ። መርዶን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ስለከበደኝ «ቡድኑ ተሸነፈ» አልሁት። ምንም ሳይገርመው ራሱን ነቀነቀና ሥራውን ቀጠለ።

ሆስፒታል አቆዩት። ልቡ ትንሽ ተጎድቷል፣ ግን ይመታል። ሐኪሙ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶ «ጨዋታውን ራሱ ቢያየው ይሻል ነበር» አለ። ሽማግሌው ሊጠይቁት ሲመጡ ይቅርታ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «ሥርዓቱ ልክ ነበር» አሉ፤ «ሞት ብቻ ነው የጎደለው።»

አሁን ባለቤቴ ጨዋታውን ራሱ ያያል። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ቡድኑ ዘንድሮም እያሸነፈ ነው፤ እግዜር ይሁነን። ደሴም እናቱ ገና አልጋ ላይ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት «ደህና ናቸው» ይሉታል፣ እሱም ስልኩን ዘግቶ መስኮቱ ጋ ጥቂት ይቆማል። ከደጃችን ከአንድ ጥንድ በላይ የእንግዳ ጫማ ካየ እስከ ዛሬ ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ እንግዶቻችንን ጫማቸውን እንዳደረጉ አስገባቸዋለሁ፤ ምንጣፉ ይበላሽ።

ያ የእውነተኛው መርዶ ቀን አንድ ጊዜ ይመጣል። ሲመጣ ከደሴም ሆነ ከዚህ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለአንዳችሁ ነው፤ ለእኛ አይሆንም። እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡና ቤታችንን የምታውቁ፣ ተሰብስባችሁ አትምጡ። መኪናችሁን ከጀርባ አታቁሙ። ጫማችሁን በራችን ላይ አታውልቁ። በሰማችሁበት ሰዓት ደውሉልን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩን፣ ከዚያ ስልኩን ዝጉ።